የማርስ መንገደኞች ጠበቃ

«ጋሽ ውብሸት ዐረፉ» አለኝ ታምራት በስልክ።

«መቼ?» አልኩት።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ። ቀብሩ ነገ ናዝሬት ነው። በጧት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ሳሎን መሃል ቆምኩ። ልጆቼ ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። «ጅጅጋ አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው» አልኳቸው። ካልኩት በኋላ መልሱ አነሰብኝ። አብረውኝ ያስተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹን ስም እንኳ ረስቻለሁ። የጋሽ ውብሸት ነገር ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዐይኔ አልተከደነም።

ከአሰላ ወጥቼ ጅጅጋ የፊዚክስ መምህርት ሆኜ የተመደብኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነበር። ከተማዋ ያኔ የወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ፣ የነጋዴና የደላላ ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው አቧራ የጻፍነውን ሳንጨርስ ጥቁር ሰሌዳውን ቡናማ ያደርገዋል። ከመሃል አገር የመጣን መምህራን ሁላችንም ዝውውር ጠያቂዎች ነበርን። ሻንጣውን ሙሉ ለሙሉ የፈታ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በ1981 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት አንድ ሰው «ጅጅጋ ይሁንልኝ» ብሎ ለምኖ መጣ ሲባል በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያላየው አልቀረም።

ረጅም ናቸው፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ብሏል። የለበሱት ኮት ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል። በሶማሊያ እስር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖረው፣ በዚያው ክረምት ከተፈቱት እስረኞች አንዱ ነበሩ። ሲያዙ ግን ወታደር አልነበሩም። በዚሁ በእኛው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በ1970 መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ከተማዋን ሲከብ፣ ነፍሰ ጡር ሚስታቸውን በመጨረሻው መኪና ወደ ናዝሬት ላኳት። እሳቸው ቀሩ። መምህራን ትእዛዝ እስኪመጣ ከሥራ ገበታቸው እንዳይነቃነቁ ተብለው ነበርና።

የመጀመሪያ ሳምንታቸውን ተማሪዎቻቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ አፍሪካ ሲያስተምሩ «ሮዴዢያ» ይላሉ። ተማሪው ይስቃል። «ላይኛው ቮልታ» ይላሉ። እንደገና ይስቃል። በመጨረሻ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እነዚህ አገሮች እኮ ስማቸው ተቀይሯል» አለቻቸው። ጋሽ ውብሸት ጠመኔውን ሰጧት። እሳቸው ሄደው በእሷ ቦታ፣ በጠባቧ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው ዴስኩን እየነካ ተቀመጡ። «በይ አስተምሪኝ፤ እኔ ያኔ አልነበርኩም» አሏት። ክፍሉ በሙሉ እየተቀባበለ አሥራ አንድ ዓመት አስተማራቸው አሉ። አገሮች፣ መሪዎች፣ የዳቦ ዋጋ፣ የዘፈን ስም ሳይቀር።

«እኔ ያኔ አልነበርኩም።» ይህ አነጋገራቸው ነበር። በማረፊያ ክፍላችን ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲነሣ፣ ወይም አንዱ «ያን ጊዜ ትዝ ይላችኋል?» ብሎ ሲጀምር፣ ጋሽ ውብሸት ዝቅ ባለ ድምፅ ይህን ብለው ሻያቸውን ያማስላሉ። ማዘናቸው አይደለም። ከስብሰባ ቀርቶ ቃለ ጉባኤ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የሚሉት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ኢዶ ሀሊማ ከምትባል ሻይ ሻጭ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ከሥራ ሲመለሱ የራሳቸውን በር ያንኳኳሉ። አንኳኩተው ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቁልፋቸውን አውጥተው ይከፍታሉ። ኢዶ ሀሊማ መጀመሪያ ፈርታ ነበር። «ማዓሊን ውስጥ ጂን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ማዓሊን በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። እኔም አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ልማድ ነው» አሉኝ። «እዚያ በር የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። በራሴ እጅ ስከፍተው የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል።»

እስር ቤቱን «እዚያ» ነበር የሚሉት። ስለ እዚያ ከዚህ የበለጠ አይናገሩም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አብረን ስንመለስ ግን፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ስለ ናዝሬት ነገሩኝ። በተፈቱ ሰሞን ወደ ሚስታቸው ሄደው ነበር። ስለ እሳቸው ለዓመታት ወሬ ሲጠፋ፣ ሞተዋል ተብሎ ተለቅሶ፣ ተዝካራቸው ወጥቶ ነበር። ሚስታቸው ሌላ ሰው አግብታለች። ባልየው ነው በሩን የከፈተላቸው። ማንነታቸውን ሲያውቅ አለቀሰ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣቸው። ሚስታቸው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ጥቂት ቆይታ አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ገባች፤ እሳቸው ከተያዙ በኋላ የተወለደችው ልጃቸው ነበረች። ወደ ባልየው ሮጣ «አባባ» አለችው።

«ደግ ሰው ነው» አሉኝ። «ሊነግራት አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ በዐይኔ የከለከልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለስላሳ ቀረበልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ። የማውቀው ቦታ ጅጅጋ ብቻ ቀረ። ለመጨረሻ ጊዜ ውብሸት የተባልኩበት እዚህ ነው።»

መንገዱን ጨርሰን በራቸው ጋ ደረስን። አንኳኩተው ቆሙ። እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።

በ1982 መጀመሪያ ነው ስለ ማርስ የተከራከርነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሰው እንደገና ወደ ጨረቃ እንዲሄድ፣ በዚያው እንዲሰነብት፣ ከዚያም ወደ ማርስ እንዲቀጥል ዕቅድ ማውጣቱን ራዲዮ ካወራው ሰንብቷል። ሶቪየቶችም የራሳቸው ሐሳብ አላቸው ይባል ነበር። በጅጅጋ ሻይ ቤቶች ወሬው እንደ ግመል ዋጋ ይገላበጥ ነበር። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ዓርብ ዓርብ የውይይት ክበብ አለው። ክበቡን የሚመራው የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪው ጓድ ታምራት ነው። የዚያን ጊዜው ታምራት ቀጭን፣ ችኩል፣ ኮሌታው ሁልጊዜ የተቆለፈ ወጣት ነው። የሚያስተምረውን ያምንበታል። በዚህም ምክንያት ሰው ይፈራዋል።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሰውን ወደ ጨረቃና ወደ ማርስ ለመላክ መንግሥታት ያወጡት ዕቅድ ይደገፋል ወይስ አይደገፍም?» ብሎ ጻፈ። እኔ ደጋፊ ሆንኩ። የግብርና መምህሩ ቶሎሳ ተቃዋሚ።

እኔ ስለ ሮኬቱ፣ ስለ ነዳጁ፣ በጠፈር ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ተናገርኩ። ሰው አዲስ ነገር ካላየ ይደርቃል አልኩ። ቶሎሳ ተነሥቶ «እዚህ ሁለት ሰዓት መንዳት ነው፤ ከሐርጌሳ የሸሸ ሕዝብ ሸራ ሥር ተኝቷል። ውሃ የሚሄድለት በቦቴ ነው። ቦቴው አንድ ቀን ከተበላሸ ልጅ ይሞታል። ማርስ ይቆየን!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጓድ ታምራት የአሜሪካው ዕቅድ ለወረራ፣ የሶቪየቱ ግን ለሰላም መሆኑን አስረዳ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ጓድ፣ እዚያ ሲገናኙስ ይጣላሉ?» ብሎ ጠየቀ። ታምራት ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከዚያ ፋጡማ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። ዘመዶቿ በዚያው ከሐርጌሳ በመጡት መካከል ነበሩ። «ሄዶ ለመመለስ ምን ያህል ይፈጃል?» አለችኝ።

«ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይሆናል ይላሉ።»

«ከተጓዙ በኋላ የላካቸው መንግሥት ቢቀየርስ? ማን ያመጣቸዋል?»

ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተንኳኳ። ጋሽ ውብሸት ቆሙ። በክበቡ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

«እኔ ለመቃወም አይደለም የተነሣሁት» አሉ። «ይሂዱ። ሰው ባይልኩትም ይሄዳል። መምህርት አልማዝ ስለ ምግቡና ስለ ነዳጁ ጥሩ አድርጋ ነገረችን። ቶሎሳም ስለ ወጪው ነገረን። ከሁለታችሁም ያልሰማሁት አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ሲመለሱ ስለሚገቡበት ቤት ዕቅዱ ምን ይላል?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ጠባብ ክፍል ከባድ አይደለም፤ ይለመዳል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ፣ እሱም ይለመዳል። እዚያ ሆናችሁ የሚያኖራችሁ የምትመለሱበት ቦታ ነው። በሐሳባችሁ በየቀኑ ትገቡበታላችሁ። ወንበሩን ታውቁታላችሁ፤ መጋረጃውን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ትመለሳላችሁ፤ ቦታው የለም። ማንም ክፉ አልሠራም። ሰው ሲሄድ የነበረበት ቦታ እንደ ውሃ ነው፤ መልሶ ይገጥማል። ባዶ ቦታ ታቅፎ መኖር የሚችል ሰው የለም።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«እኔን ትእዛዝ እስኪመጣ ቆይ አሉኝ። ቆየሁ። ትእዛዙ አልመጣም። ተፈትቼ ስመለስ ቆይ ያለኝን ሰው ፈለግሁ። ልከሰው አይደለም፤ ዐይኑን ላየው ነው። ርእሰ መምህሩ ተቀይሯል። የትምህርት ኃላፊው ተቀይሯል። ከላይ ነው የመጣው አሉኝ። ላይ ወጣሁ። ላይ ያለውም ከላይ ነው አለኝ።»

ጓድ ታምራት «ጋሽ ውብሸት፣ ወደ ርእሱ…» ሲል ጀመረ።

«ርእሱ ላይ ነኝ» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ይሂዱ። ግን የሚልካቸው መንግሥት፣ የአሜሪካም ይሁን የሶቪየት፣ የማንም ይሁን፣ አንድ ሰው ይሰይም። ሲመለሱ ከሮኬቱ በር ላይ ቆሞ ‹እኔ ነኝ የላክኋችሁ› የሚላቸው። አበባ አያስፈልግም፤ ማርሽ ባንድ አያስፈልግም። ያ ሰው ከሌለ ዕቅዱን አልደግፍም።»

ተቀመጡ። ልማዱ በመጨረሻ ድምፅ መስጠት ነበር። ያን ቀን አልተሰጠም።

በቀጣዩ ሳምንት ጋሽ ውብሸት ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። «‹የማንም ይሁን› ስትል የማንን መንግሥት ማለትህ ነው?» ተብለው ተጠየቁ። «ሰው የሚልክን ሁሉ» ብለው መለሱ። አላሰሯቸውም። በወሩ ግን ወደ ሀርሺን ተዛወሩ፤ ምክንያቱ የመምህር እጥረት ተባለ። ሀርሺን ድንበሩ ጫፍ ላይ ናት። ከማዶ ጦርነት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያሠረቻቸው አገር ከዚያ ማዶ ነበረች።

በሄዱበት ቀን ልሸኛቸው ወጣሁ። ወደ ስደተኞቹ መጠለያ ከሚሄዱት የውሃ ቦቴዎች አንዱ ሊያሳፍራቸው ነበር። ሻንጣቸውን ጋቢና ውስጥ አስገብተው ከሹፌሩ ጋር በሶማሊኛ ይጫወታሉ፤ ቋንቋውን እዚያ ነው የተማሩት። በድንገት ጓድ ታምራት ከትምህርት ቤቱ አቅጣጫ እየተጣደፈ መጣ። ኮሌታው ተከፍቷል። እኔን አላየኝም።

«ጋሽ ውብሸት፣ የዝውውሩን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አላቸው።

ጋሽ ውብሸት ዞረው አዩት።

«ከዚህ የባሰ እንዳይመጣብዎት ብዬ…» አለና አቋረጠ። «ምክንያቱን ይተዉት። ፊርማው የሌላ ሰው ነው። የላክሁዎት ግን እኔ ነኝ።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የልጁን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ለማስታወስ የሚያጠኑት ይመስል ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉለት።

«ታምራት ማን ልበል?»

«ታምራት በየነ።»

«መልካም» አሉ፤ ጨብጠውት ጋቢና ገቡ። ቦቴው ውሃ እያንጠባጠበ ሄደ። ታምራት መንገዱ ላይ ያለውን እርጥብ መስመር እያየ ቆሞ ቀረ። አብረን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ በቦቴ ሹፌሮች በኩል እንለዋወጥ ነበር። ደህና ናቸው፣ ያስተምራሉ፣ ለብቻቸው ይኖራሉ፤ የሚነግሩኝ ይኸው ነው። ሰው አይጠይቃቸውም። አንዴ አንዱን ሹፌር ምን ይሠራሉ ብዬ ብጠይቀው፣ «ማታ ማታ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ወደ ማዶ ያያሉ» አለኝ። «ማዶ ምን አለ?» ስለው «ምንም» አለ።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ ጅጅጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ከተማ ሆነች። ወታደሩ መሣሪያውን በሻይ ዋጋ እየሸጠ ሄደ። ቢሮዎች ክፍት ቀሩ። ከመሃል አገር የመጣው ሠራተኛ ያገኘውን መኪና እየተሳፈረ በካራማራ በኩል ወደ ሐረር ሸሸ። ካድሬ የነበረ ሰው ከሁሉ ቀድሞ መሸሽ ነበረበት። ታምራት ግን በጧት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ላንድሮቨር እየነዳ ቤቴ መጣ። ሹፌሩ ቁልፉን ጥሎለት ጠፍቷል። «ግቢ» አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን መሪውን ወደ ምሥራቅ አዞረ።

«ወዴት ነው?» ስል ጮኽኩ። «ሐረር በወዲያ ነው!»

«ሀርሺን።»

«አብደሃል? ዛሬ አንተን እዚያ ቢያገኙህ…»

«አውቃለሁ። መውረድ ከፈለግሽ አሁን ውረጂ።»

ለምን እንዳልወረድኩ እስካሁን አላውቅም። ቀብሪ በያህን አልፈን፣ ስደተኞቹ የሰፈሩበትን ሜዳ አልፈን ሄድን። መንገድ ዳር ሰው የለም፤ ፍየልና ነፋስ ብቻ። ታምራት ዐይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። መሪውን የጨበጠበት ጣቱ ነጥቶ ነበር።

ጋሽ ውብሸትን በአንድ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከጥቂት ልጆች ጋር አገኘናቸው። እያስተማሩ ነበር። ፀጉራቸው ሸሽቷል፤ ፂማቸው ነጥቷል። በሩ ላይ ስንቆም ጠመኔያቸውን እንደያዙ ዞሩ።

«ማን ልኳችሁ ነው?» አሉ።

«ማንም» አለ ታምራት። «የላክሁዎት እኔ ነኝ። ልመልስዎት መጣሁ።»

ጋሽ ውብሸት ጠመኔውን አስቀመጡ። መልሰው አነሡት። ወደ ልጆቹ ዞረው በሶማሊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ከዚያ ለኛ «ትምህርቱ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፤ ጠብቁኝ» አሉን።

እውነትም እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው። ታምራት መኪናው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሳያቋርጥ ያስረዳ የነበረው ድምፅ አንዴ ተሰበረ። ከዚያ ቀጠሉ። ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጧቸው።

ስንመለስ ቀብሪ በያህ አጠገብ የታጠቁ ሰዎች «ዋርያ!» እያሉ መኪናችን ፊት ቆሙ። አንደኛው በመስኮቱ አጎንብሶ ታምራትን ረጅም ጊዜ አየው። ጠየቀ። ጋሽ ውብሸት ረጋ ብለው መለሱለት። ሰውየው እንደገና ጠየቀ፤ እሳቸው እንደገና መለሱ። ድንገት ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። መለዋወጫ ጎማችንን ወስደው አሳለፉን።

«ምን አሏቸው?» አልኩ፣ ልቤ ሲመለስ።

«ይህ ማነው አሉኝ። ተማሪዬ ነው አልኳቸው። ምን ያህል ጎበዝ ነው ቢሉኝ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ከገባው ግን አይረሳም አልኳቸው።»

ታምራት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እየነዳ አለቀሰ።

በየኬላው እየቆምን፣ በሐረር አድረን፣ በማግስቱ ናዝሬት መግቢያ ደረስን። ታምራት ፍጥነቱን ቀነሰ። «የት ላድርስዎት?» አላቸው።

ጋሽ ውብሸት በመስኮቱ ከተማውን አዩ። ፈረሶች ጋሪ እየጎተቱ አለፉን። ከዚያ ነዳጅ ማደያው ጋ እንዲያቆምላቸው ጠየቁት።

«አንተ ያለብህን ጨርሰሃል» አሉት። «መልሰኸኛል። ከዚህ ወዲያ ያለው የኔ ነው።»

ግንባሩን ሳሙት። እኔን አቀፉኝ። መኪናው ሲነሣ በኋላ መስኮት አየኋቸው። ሻንጣቸውን ይዘው ማደያው ዳር ቆመዋል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሄዱም። እስክንርቅ ድረስ እዚያው ነበሩ።

ታምራት ለጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። ጋሽ ውብሸት ናዝሬት ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራዩ፤ የማታ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። በየዓመቱ እንጠይቃቸዋለን። አንዴ ለብቻዬ ስሄድ ስለ ልጃቸው አነሣሁባቸው። ሰላማዊት ትባላለች፤ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች።

«በየጧቱ በደጄ ታልፋለች» አሉኝ። «ወደ ትምህርት ቤት መንገዷ ነው። እኔ በር ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ‹ጋሼ፣ እንደምን አደሩ› ትላለች። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› እላለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ለምን አይነግሯትም?»

«አባት አላት። ሁለት አባት ይዛ ምን ታደርገዋለች?» ቀጥለውም «ከጠየቀችኝ አልዋሻትም» አሉ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰላማዊት ትምህርቷን ጨርሳ፣ አግብታ፣ ወልዳ ትኖራለች። ጋሽ ውብሸት ከዚያች ሰርቪስ ቤት አልለቀቁም። አንድ ጊዜ ታምራት አዲስ አበባ አብረውት እንዲኖሩ ለምኗቸው ነበር። «በር ላይ የሚያየኝ ሰው አለ» ብለው እንቢ አሉት።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ የተተከለው በዚያች ጠባብ ግቢ ነበር። ብዙ ሰው አልመጣም። የማታ ተማሪዎቻቸው፣ የእድር ሰዎች፣ ታምራትና እኔ። ከሴቶቹ መካከል ጥቁር የለበሰች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ሴት ነበረች። ቁመቷ፣ የትከሻዋ መጉበጥ የእሳቸው ነው። ሰው ሲበተን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንደምታውቅ አላውቅም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ነበር የጠየቅኋት።

«አንቺ በምን ታውቂያቸዋለሽ?»

«ተማሪ ሳለሁ በዚህ እያለፍኩ ሰላም እላቸው ነበር» አለችኝ።

«ነግረውኛል» አልኳት። «ወደ ትምህርት ቤት መንገድሽ ነው ብለውኝ ነበር።»

ሰላማዊት ወደ ግቢው በር ተመለከተች። ወንበራቸው አሁንም ደጃፉ ላይ ነበር፤ ለቅሶ ደራሽ ተቀምጦበታል።

«ቤታችን ከአስፋልቱ ማዶ ነው» አለች። «ትምህርት ቤቱም እዚያው ማዶ ነው። መንገዴ በዚህ በኩል አልነበረም። ዞሬ ነበር የምመጣው።»